ፉርጎ

ሠላሳ አንድ ዓመት ከፍሬን ጋር ኖሬ፣
የዝገት ዘበኛ ሆኛለሁ ዛሬ፤
ለገሃር ግቢ ውስጥ፣ ከጎኔ አንድ ውሻ፣
ዳለቻ፣ ጆሮ ቆራጣ፣ የመንገድ ቅርሻ።
ፉርጎ ነው የምለው፣
ሳልጠራው ከኋላ ተቀጥሎ ሚመጣው።

ሁዳዴን አብሮኝ ጾመ። ማለቴ፣ እኔ ስጾም
የሚደርሰው ሽሮ ነው፤ ምርጫም አልነበረውም።
ለፋሲካ ታዲያ ፍቅሬን ላሳይ ብዬ
የፍየሉን ጎድን ሰጠሁት አካፍዬ።
ሲቆረጥም አመሸ። ቀናሁ፣ አልደብቅም፤
ጥርስ ከከዳኝ ወዲህ እኔ አልቆረጥምም።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ደቻቱ ወረድን፤
ውሃ የሌለው ወንዝ ነው፣ አሸዋ ረገጥን።
ጀርባውን አጉብጦ፣ እግሩን አንፈራጦ
አማጠ፣ አማጠ፤
ተነሣ በባዶው፣ በሐፍረት ተውጦ።
ዞሮ መሬት አሸተተ፣ የወጣ መስሎት።
የለም።
ረቡዕ አንዲት ፍርፋሪ፣ ነጭ፣ እንደ ኖራ፤
ከዚያ በኋላ ዝም፤ ቆመ የሆድ ሥራ።
ምግቡን አሸተተ፣ ፊቱን አዞረ፤
ካልጋዬ ሥር ገብቶ እዚያው አደረ።

ጎረቤት መች ያጣል መድኃኒት አዋቂ!
"ኮሶ ጋተው" አለኝ ጎማ ለጣፊው፤
"ጉሎ ዘይት ነው እንጂ" አለ ልብስ ሰፊው።
ኑሪያ፣ ጫት ሻጯ፣ ሳቀች እስክትንፈራፈር፦
"ለውሻ ሆድ ድርቀት ሸንጎ ልንቀመጥ ነበር?"
እኔም አፈርኩ መሰል፣ ወሬውን ለወጥኩ።
"ሆድ ይፍጀው" እየተባልኩ ነው ያደግኩ፤
የሆድን ነገር ዋጥ፣ ለሰው አትንገር።
እሱ ግን ሆዱ እየፈጀው፣ አፍ የለው ሊናገር።

ሐሙስ። ባለ ባጃጁ "ውሻ አልጭንም" አለ፤
"ፉርጎ ነው" አልኩት፤ ሒሳቡን እጥፍ ሳደርግ ተቀበለ።

ዶክተር ኢፍቱ ገና ልጅ ናት። ጓንቷን አጠለቀች፣
ሆዱን ቀስ ብላ ዳበሰች፣ አንድ ቦታ ላይ ቆመች።
"አጥንቱ" አለችኝ፣ "እንደ ሲሚንቶ ረግቷል፤ ደርቋል።"
(ሲሚንቶ ፋብሪካው ብቻ የሚሠራው መስሎኝ ነበር፣ ማን ያውቃል!)
"ውሃስ ይጠጣል?" አለች።
ቧንቧው ከጠፋ ዘጠኝ ቀኑ፤ ጀሪካኔ ጎድላለች፤
እኔ ስጠጣ፣ የእሱን ጣሳ ፀሐይ ጠጥታዋለች።
ይህን አልነገርኳትም።
ዝም ስል ግን ገባት።

ለብ ያለ ውሃ፣ ቀጭን ጎማ። የቀረውን አልተርክም።
ፉርጎ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ፣ እኔም ዓይኔን አላሸሸሁም።

"ኮሶ እንዳያስነኩት፤ ዘይትም በግድ አይጋቱት፣
ሳንባው ሊገባ ይችላል። የሰው ኪኒንም አይስጡት።
ዱባ ቀቅለው ይፍጩለት፣ ጨው፣ ቅመም ሳይነካው፤
ምግቡን በውሃ ያርጥቡት፤ ፀሐይ ሲበርድ ያራምዱት፤
አጥንትማ በቃው።
ደግሞ ካስመለሰው፣ ደም ካዩ፣ አምጦ ካቃተው ሁለት ቀን፣
'ነገ ይሻለዋል' አይበሉኝ። ይምጡ፣ ያሳዩን።"

ዱባውን ቀፊራ ገዛሁ። "ለወጥ ነው?" "አይ፣ ለእንግዳ።"
ማታ በሬ ተንኳኳ፤ ኑሪያ፣ ጀሪካን ተሸክማ።
"ለዚያ ለሆደ ደረቅህ" አለች፤
አስቀምጣው ሄደች፣ ፊቷን አዙራ እንደ ባዳ።

ቅዳሜ። ሌሊቱን ደንገጎ ላይ ዘንቦ ኖሮ
አሸዋው ረጥቧል። ፉርጎ ዞረ፣ ደግሞ ዞሮ
አንድ ጥግ መረጠ፤
ጎበጠ።
እኔም ቆሜ፣ አብሬው፣ ጥርስ በሌለው ድዴ
ትንፋሼን ነክሼ አማጥኩ።

ወጣ።

ከደረት ኪሴ ያችን የድሮ ፊሽካ አወጣሁ፣
ባቡር ሲነሣ የምነፋትን። ነፋሁ።
ከማዶ፣ ድልድዩ ላይ፣ የጫት እስሯን እንደያዘች
ኑሪያ "ወጣ?" ብላ ጮኸች።
"ወጣ!" አልኩ፣
ሰው ሁሉ እየሰማኝ።